የ13 ወር ልጅ፣ የሚወዛወዝ ወንበርና 24 ምላሽ

የዚህ የኢንተርኔት ውይይት፣ የክሩ፣ መነሻ ጥያቄ አጭር ነበር። አንዲት እናት የ13 ወር ልጇ በእጅ ከሚንጠለጠለው የአራስ ወንበር ስላለፈባት፣ ኮንቨርቲብል የሚሉትን፣ ልጁን መጀመሪያ ፊቱን ወደ ኋላ፣ ሲያድግ ደግሞ ወደ ፊት አዙሮ የሚይዘውን የመኪና የልጅ ወንበር ልትገዛ አሰበች። ከመግዛቷ በፊት ለማሳያ የተቀመጠውን አስፈቅዳ መኪናዋ ላይ ሞከረችው። ልጁ 10 ኪሎ ይመዝናል፣ ቁመቱ 76 ሳንቲ ሜትር ነው። ወንበሩን ፊቱን ወደ ኋላ አድርጋ ከሾፌሩ ጀርባ በመኪናው ቀበቶ አሰረችውና ሦስት ነገር አላማራትም። አናቱን ይዛ ስትነቀንቀው ይወዛወዛል። በጎኑ ላይ የታተመው የማዘንበያ መስመር ከመሬት ጋር ትይዩ አልሆነም። የልጁ እግርም ከመኪናው መደገፊያ ጋር ተጋጭቶ ታጥፏል። ወንበሩ ለመኪናዋ አይስማማም ማለት ነው ወይስ ልጁን ወደ ፊት የማዞሪያው ጊዜ ደርሷል? ጥያቄዋ ይኸው ነበር።

ሰላምታውንና ምርቃቱን ትቼ ፍሬ ፍሬውን በተራ ቁጥሩ አስቀምጣለሁ። ከዚህ በታች ቀበቶ ስል የመኪናውን ነው፤ ማሰሪያ ስል ልጁን የሚይዙትን የወንበሩን ጠፍሮች። መላሾቹ ሁለቱን እያቀላቀሉ ስለጻፉ ቢያንስ ሦስት ቦታ ሳይግባቡ ተጨቃጭቀዋል።

1ኛው መላሽ ፍርድ አልሰጠም፤ ጥያቄ ነው የመለሰላት። የነቀነቀችው የት ጋ ይዛ እንደሆነ፣ መኪናው የቆመው ደልዳላ መሬት ላይ ይሁን ያዘቀዘቀ ቦታ፣ ቀበቶው መቆለፉንስ በምን እንዳወቀች። ለእኔ ከ24ቱ ሁሉ የሚበልጠው ይሄኛው ነው። ሰው ግን መልስ እስክትሰጥ አልጠበቀም።

በ2ኛው ምላሽ ስለ መወዛወዙ የተጻፈው ግልጽ ነው። ወንበር የሚፈተሸው ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ብቻ ነው። ጉልበት በሌለው እጅ፣ ቀኝ እጅ የሚቀናው በግራው፣ ቀበቶው በሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ይያዝና እጅ የመጨበጥ ያህል በሆነ ኃይል ወደ ግራና ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ፊትና ኋላ ይሳባል። እዚያ ቦታ ላይ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከተንቀሳቀሰ አልፏል። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር የታሰረው ከታች፣ ልጁ እግር አካባቢ ስለሆነ አናቱ መወዛወዙ የተፈጥሮው ነው። በአደጋ ጊዜም ወደ መኪናው ፊት በጥቂቱ አዘንብሎ ኃይሉን እንዲቀበል ነው የተሠራው። መላሹ አክሎ አናቱን ለማርጋት ተብሎ ከጀርባው ትራስ መወተፍ እንደማያስፈልግ አስጠንቅቋል።

3ኛው መላሽ በቅንነት ስህተት ጻፈ። ወንበሩ ካልረጋ ቀበቶውንም የአይሶፊክስ መንጠቆውንም፣ ማለትም ወንበሩን ያለ ቀበቶ ከመኪናው መቀመጫ ጋር የሚያያይዘውን፣ አብሮ ማሰር ነው የሚሻለው፣ ሁለት ከአንድ ይበልጣል ነው ነገሩ። 4ኛው ወዲያው አረመው፣ ቃናውም ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ነበር። መመሪያው በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ወይ ቀበቶ ወይ አይሶፊክስ እንጂ ሁለቱ አብረው አይታሰሩም። ምክንያቱን ማስረዳቱ ግን ጥሩ ነው። ወንበሩ የተፈተነው በእያንዳንዱ ለየብቻው ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ፕላስቲኩ በሁለት አቅጣጫ ይወጠራል፣ አንዱ ሌላውን ሊያላላውም ይችላል። ጥንካሬያቸው ደግሞ አይበላለጥም። የሚመረጠው በዚያ መኪና፣ በዚያ መቀመጫ ላይ ወንበሩን አጥብቆ የያዘው ነው።

5ኛው ምላሽ የክሩ ረጅሙ ሲሆን፣ ማተም የሚፈልግ ሰው እሱን ብቻ ቢያትም ይበቃዋል። በቀበቶ አስተሳሰሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው የዘረዘረው። ቀድሞ የሚታየው ቀበቶው የሚያልፈው በየትኛው መተላለፊያ እንደሆነ ነው፤ ኮንቨርቲብል ወንበር ሁለት አለው፣ በአውሮፓ ደንብ በተሠሩት ላይ ሰማያዊ ምልክት ያለበት ልጁ ፊቱን ወደ ኋላ ሲያዞር፣ ቀይ ያለበት ወደ ፊት ሲያዞር ነው። ቀበቶው ሳይጠማዘዝ በቀዳዳው ገብቶ በሌላው ወገን ይወጣና ይቆለፋል። ከዚያ የትከሻው ቀበቶ በዝግታ እስከ መጨረሻው ይጎተታል፤ መጠቅለያው ውስጥ አልቆ ግጭ ሲል ይለቀቃል። ተመልሶ ሲጠቀለል ጢክ ጢክ ጢክ የሚል ድምፅ ከተሰማ ተቆልፏል፣ መልሶ ቢጎተትም እሺ አይልም። አሁን አንድ እጅ ወንበሩ ውስጥ፣ ቀበቶው በሚያልፍበት ላይ ወደ ታችና ወደ መደገፊያው ይጫናል፤ ሌላው እጅ የትከሻውን ቀበቶ ወደ መጠቅለያው አቅጣጫ ይስባል። የላላው ሁሉ ተጠቅልሎ ሲያልቅ 2ኛው መላሽ ያለው ፍተሻ ይደረጋል። በጉልበት ተንበርክኮ መጫን አያስፈልግም። እንዲያ ካልሆነ የማይጠብቅ ከሆነ የተሳሳተው መተላለፊያው ወይም የማዘንበያው ደረጃ ነው፤ ጉልበት የሚያስተካክለው ነገር የለም።

ጢክ ጢክ የማይል መኪናም አለ። በአውሮፓ ገበያ የተሸጡ ብዙ መኪኖች እንዲህ የሚቆለፍ መጠቅለያ የላቸውም። ለነዚያ ወንበሩ ራሱ ቀበቶውን ነክሶ የሚይዝ መቆንጠጫ ሊኖረው ይገባል። በአንዳንዱ መኪና ደግሞ የቀበቶው የብረት ምላስ ራሱ ይቆልፋል። ይሄም ያም ከሌለ በድሮ ወንበሮች ጀርባ ተለጥፋ የምትመጣው የብረት ክሊፕ ከምላሱ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ትደረጋለች። መኪናው ሲቆም ጥብቅ የነበረ፣ ሁለት ቀን ተነድቶ የላላ ወንበር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው፣ ያልተቆለፈ ቀበቶ።

6ኛው መላሽ ወደ ማዘንበያው መስመር ገባ። መስመሩ ትይዩ የሚሆነው፣ ኳስ ያለውም ከሆነ ኳሱ በተፈቀደለት ቀለም ውስጥ የሚገባው፣ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ሲለካ ብቻ ነው። የሚታየውም ቀበቶው ከጠበቀ በኋላ ነው፤ ሲጠብቅ ወንበሩ ስፖንጁ ውስጥ ስለሚሰምጥ አንግሉ ይቀየራል። አራስ ከቁመቱ ወደ ኋላ 45 ዲግሪ ያህል መጋደም አለበት፣ አንገቱ ስላልጠና አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ አየር እንዳያጥረው። አንገቱን የቻለ ልጅ ግን ቀና ማለት ይችላል። የብዙ ወንበሮች መመሪያ እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ ይፈቅዳል፣ ቀና ማለቱም ለፊተኛው መቀመጫ ቦታ ያተርፋል። የመኪናው መቀመጫ ወደ ኋላ ስለሚያዘቀዝቅ ወንበሩ ከሚገባው በላይ ቀና ካለ፣ በመቀመጫውና በመደገፊያው መጋጠሚያ ላይ የተጠቀለለ ፎጣ ይገባል። ይሄም መመሪያው ሲፈቅድ ነው። አንዳንድ አምራች ፈጽሞ ይከለክላል።

7ኛው አጭር ቢሆንም የሚረሳ ነገር አነሳ። ወንበሩ ከሾፌሩ ጀርባ ከሆነ መጀመሪያ ሾፌሩ መቀመጫውን ለመንዳት በሚመቸው ልክ ያስተካክል፣ ደረቱ ከመሪው መሃል 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ የልጁ ወንበር ከዚያ በኋላ ይታሰር። ሰው ግን ገልብጦ ይሠራዋል። ወንበሩን በደንብ አስሮ ሾፌሩ መሪው ላይ ተለጥፎ ይነዳል። የልጁ ወንበር የፊተኛውን መደገፊያ መንካት ይችላል ወይ ለሚለው አንድ መልስ የለም። አንዱ አምራች መንካቱን ይፈቅዳል፣ ሌላው ክፍተት ይፈልጋል፤ በወንበሩም በመኪናውም መመሪያ ማየት ነው።

በ8ኛው ጠያቂዋ ተመለሰች። መኪናው የቆመው ያዘቀዘቀ መግቢያ ላይ ኖሯል። በቀበቶው ቦታ ስትይዘው የሚንቀሳቀሰው አንድ ጣት ያህል ነው፣ ቀበቶውን ግን እስከ መጨረሻው ጎትታ አልቆለፈችውም። ከሦስቱ ችግሮች ሁለቱ እዚህ ላይ አለቁ። የቀረው እግሩ ነው፤ ክሩ የጋለውም በእግር ምክንያት ነው።

9ኛው ምላሽ የአንድ አባት ነው፤ በዕድሜ ከሌሎቹ ጠና ያሉ ይመስላሉ። እግሩ ታጥፎ የሚቀመጥ ልጅ በአደጋ ጊዜ እግሩ ይሰበራል ባይ ናቸው። ዓመት የሞላውና 9 ኪሎ ያለፈ ልጅ ወደ ፊት መዞሩ የታወቀ ደንብ ነው፣ አሁን የሚባለው ሁሉ አዲስ ወንበር ለመሸጥ ነው ሲሉ ደመደሙ። 10ኛው መላሽ አንቱ እያለ፣ ግን ሳይለሳለስ መለሰላቸው። ልጅ መሬት ላይ ሲቀመጥም እግሩን አጥፎ፣ አጣምሮ ነው፤ ለኛ የማይመች የሚመስለው ለሱ ይመቸዋል። ወደ ኋላ የዞረ ልጅ የእግር ጉዳት ብዙም የሚታይ አይደለም፤ ወደ ፊት የዞረው ነው እግሩ ተወርውሮ የፊተኛውን መደገፊያ የሚመታው። የተሰበረ እግር ደግሞ ይጠገናል። ከአንገት ጋር ግን አይወዳደርም። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅና ከባድ ነው፣ የአንገቱ አጥንቶች ደግሞ ገና ባልጠነከረ ለስላሳ አጥንት የተያያዙ ናቸው። መኪናው ፊት ለፊት ሲጋጭ ወደ ፊት የዞረ ልጅ ደረቱና ትከሻው በማሰሪያ ይያዛሉ፤ ጭንቅላቱን የሚይዘው አንገቱ ብቻ ነው። ወደ ኋላ የዞረው ግን ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ጀርባው እኩል በወንበሩ ላይ ይደገፋሉ።

11ኛው ላይ አባትየው አልተቀበሉም። ስንት ልጅ በዚያ ደንብ እንዳደገ ጠቅሰው፣ አጭር መንገድ ከሆነማ እናት ታቅፋ ብትሄድ ምን ክፋት አለው አሉ። 12ኛው መላሽ በስሌት መጣ። ስሌቱን አረጋግጬዋለሁ። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 13.3 ሜትር ይጓዛል። በግጭት በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ቢቆም 10 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ በእናቱ ክንድ ላይ የ135 ኪሎ ያህል ጭነት ይሆናል። ያንን የሚይዝ ክንድ ያለው ሰው እጁን ያውጣ ብሎ ማላገጡ ግን ባይጨመር ጥሩ ነበር። 48 ኪሎ ሜትር በዘፈቀደ የተመረጠም አይደለም፤ የአሜሪካ የልጅ ወንበር ደንብ የግጭት ፈተናውን የሚያደርገው በዚያ ፍጥነት አካባቢ ነው።

13ኛው ስድብ ስለነበረበት ተነስቷል፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

14ኛው ጨዋታውን አረጋጋው። የአባትየውን ደንብ የፈጠሩት እሳቸው አለመሆናቸውን፣ በእርግጥም የነበረ ደንብ መሆኑን ተቀበለላቸው። የቆየው የአውሮፓ ደንብ፣ አር 44 የሚባለው፣ ከ9 ኪሎ ጀምሮ ወደ ፊት ማዞርን ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው አር 129 ግን ከ15 ወር በፊት ይከለክላል፤ የጠያቂዋ ልጅ 13 ወሩ ስለሆነ በዚያ ደንብ ጥያቄው ከመነሻው ያበቃል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2011 ቢያንስ እስከ 2 ዓመት አለ። በ2018 ደግሞ ዕድሜውን ጭራሽ አውጥቶ፣ ወንበሩ የሚፈቅደው ክብደት ወይም ቁመት እስኪሞላ ድረስ አደረገው። ነገሩም አዲስ የገበያ ዘዴ አይደለም። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር በርቲል አልድማን የጠፈርተኞችን አቀማመጥ አይቶ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የልጅ ወንበር የሞከረው በ1964 ነው፤ በስዊድን ልጅ እስከ 4 ዓመት አካባቢ ወደ ኋላ ዞሮ መሄዱ የተለመደ ነው። አባትየው ከዚህ በኋላ አልጻፉም። ተስማምተው ይሁን ተቀይመው አይታወቅም።

ያው 14ኛው መላሽ መለኪያውንም ሰጥቷል። ወደ ኋላ የሚያዞረው ወሰን በብዙ ኮንቨርቲብሎች 18 ኪሎ፣ በአንዳንዱ 22 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞላው ግን ክብደቱ ሳይሆን ቁመቱ ነው። በአሜሪካ ደንብ በተሠሩት ላይ ከልጁ ጭንቅላት በላይ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር የወንበሩ ፕላስቲክ መትረፍ አለበት። የሚለካው ልጁ ተቀምጦ ነው፤ ጀርባው ረጅም የሆነ ልጅና እግሩ ረጅም የሆነ ልጅ ቆመው እኩል ቢሆኑም ወንበሩ የሚጠብባቸው በተለያየ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለት ወንበር የምታወዳድር እናት ልጁን ሁለቱም ላይ አስቀምጣ ከአናቱ በላይ የተረፈውን በጣት ብትለካ፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር የበለጠ ታውቃለች። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

15ኛው ወደ ማሰሪያው አመራ። ልጁ ወደ ኋላ ሲዞር የትከሻ ማሰሪያው የሚወጣበት ቀዳዳ ከትከሻው እኩል ወይም በታች፣ ወደ ፊት ሲዞር እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ይሄን በቃል ይዞ ምክንያቱን ስለማያውቅ ያገላብጠዋል። ወደ ኋላ የዞረ ልጅ በግጭት ጊዜ መደገፊያውን ይዞ ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ከታች የሚመጣ ማሰሪያ ነው መልሶ የሚይዘው። ወደ ፊት የዞረው ደግሞ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ማሰሪያው ከትከሻው በታች ከሆነ ትከሻውን ወደ ታች ጨቁኖ አከርካሪውን ይጫናል። የአስተሳሰሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ የልጁ ቂጥ መደገፊያው ድረስ ይገባል፣ ይቆለፋል፣ ዳሌው ላይ የላላው በእጅ ወደ ላይ ይሳባል፣ ከዚያ ነው የፊተኛው ማጥበቂያ የሚጎተተው። ዳሌውን ሳይነኩ ማጥበቂያውን መጎተት ትከሻውን አጥብቆ ታች ያለውን ልል ይተወዋል። ፍተሻው በሁለት ጣት ነው። ትከሻው ፊት ካለው አጥንት ላይ ማሰሪያውን ወደ ላይና ወደ ታች ለመቆንጠጥ ሲሞከር ጣት ካመለጠው ልክ ነው፣ እጥፋት ከያዘ ይጥበቅ። ሁለቱን የትከሻ ማሰሪያዎች ደረት ላይ የሚያገናኘው የደረት ክሊፕ መጨረሻ ላይ ከብብቱ እኩል ይደረጋል።

ይሄ የደረት ክሊፕ 16ኛውን አስደነገጠው። የሱ ወንበር ጭራሽ ክሊፕ የለውም፤ አስመስሎ የተሠራ ይሆን ሲል ጠየቀ። 17ኛው አረጋጋው። በአውሮፓው ደንብ የልጁ ማሰሪያ በአንድ እንቅስቃሴ መፈታት ስላለበት የደረት ክሊፕ አይደረግም፤ የአሜሪካዎቹ ግን አላቸው። ለይቶ የሚሸጠውን ክሊፕ ገዝቶ መጨመር ስህተት ነው፣ ከወንበሩ ጋር ያልተፈተነ ዕቃ ነውና። የትኛው ደንብ እንደሆነ የሚታወቀው በምልክቱ ነው፣ የአውሮፓው በክብ ውስጥ የኢ ፊደልና የአገር ቁጥር አለበት። የሁለቱም ደንብ ምልክት የሌለበት ወንበር ግን ክሊፕ ኖረውም አልኖረው መጠርጠር ነው።

18ኛው ስለ ወፍራም ጃኬት ነው። ዘዴውን ከቃል ይልቅ በሙከራ አስረዳ። ልጁ ጃኬቱን ለብሶ ማሰሪያው ይጥበቅ፣ ሳይላላ ይፈታ፣ ጃኬቱ ይውለቅና መልሶ ይታሰር። አሁን የሚታየው ክፍተት በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ተጨፍልቆ የሚፈጠረው ነው። መፍትሔው ስስ ልብስ አልብሶ አስሮ፣ ብርድ ልብሱን ከማሰሪያው በላይ ማልበስ።

እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። 19ኛው መቆለፊያው አልቆለፍ ያለውን ወንበር አነሳ፤ ከርዕሱ ቢወጣም የማሳያ ወንበር ለሚሞክር ሰው ይጠቅማል። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የብስኩት ፍርፋሪና የደረቀ ጭማቂ ነው። መቆለፊያው ከወንበሩ ሥር ተገፍቶ ይወጣና ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቁልፉን እየጫኑ ይንቀሳቀሳል፣ ግጭ የሚለው ድምፅ ጥርት እስኪል ድረስ። ዘይትም ግራሶም አይገባበትም፤ አቧራ ሰብስቦ ጭራሽ ያደርቀዋል። ማሰሪያዎቹን ማሽን ውስጥ መክተት፣ በሳሙና መዘፍዘፍ ክሩን ስለሚያዳክም እርጥብ ጨርቅ ይበቃቸዋል። ወንበሩ ተፈትቶ ሲገጠም ከጀርባው ያለችውን፣ ሁለቱ ማሰሪያዎች የሚንጠለጠሉባትን ብረት ማየት ነው። አንዱ ጫፍ በግማሽ ብቻ ተሰክቶ ሲቀር ከፊት አይታወቅም፣ በኃይል ሲሳብ ግን ይወልቃል። 20ኛው ልጁን ለማየት የኋላ መደገፊያ ላይ የሚሰቀለውን መስታወት አነሳ፤ ጋቢና አስቀምጠው እያየህ ንዳ የሚል ቀልድም ስለመጣ ወሬው ተረበሸ። ቀልዱን ማንም እንዳያምን በማለት 21ኛው በደረቁ ዘጋው። ኤርባጉ በሚሠራ ጋቢና ላይ ወደ ኋላ የዞረ ወንበር ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው የወንበሩን ጀርባ፣ ማለትም ልጁ ጭንቅላቱን የተደገፈበትን ነው።

ያው 21ኛው አይሶፊክስን ለመረጡ ሦስት ነገር ጨምሯል። መንጠቆዎቹ የክብደት ወሰን አላቸው፣ ልጁና ወንበሩ ተደምረው በአውሮፓው ደንብ 33 ኪሎ፣ በአሜሪካው 29.5 ኪሎ ነው። ወንበሩ ብቻውን 11 ኪሎ ከሆነ በአሜሪካው ለልጁ የቀረው 18 ኪሎ ተኩል ነው፤ ከዚያ በኋላ በቀበቶ ይታሰራል። ሁለተኛ፣ በመኪናው መቀመጫ ላይ ያሉት መደበኛ መያዣዎች መሃል ለመሃል 28 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ከግራውና ከቀኙ መቀመጫ አንዳንድ ተበድሮ መሃል ላይ ማሰር የመኪናውም የወንበሩም መመሪያ ካልፈቀደ አይደረግም። ሦስተኛው የላይኛው ጠፍር፣ ቴዘር የሚሉት ነው። ልጁ ወደ ፊት ሲዞር እሱን አለማሰር በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፣ ሲታሰር ግን ጭንቅላቱ ወደ ፊት የሚሄድበትን ርቀት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል። ስናስረውም የዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለችውን የሻንጣ ማሰሪያ ቀለበት ከእውነተኛው መያዣ እንዳንለዋውጣት። እውነተኛው የመልህቅ ምልክት አለበት፤ የሻንጣዋ ለልጅ አልተሠራችም።

22ኛው ያገለገለ ወንበርን በሁለት አረፍተ ነገር አለፈ። የአገልግሎት ዘመኑ በብዙዎቹ ከተሠራበት ቀን ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው፣ ቀኑ በፕላስቲኩ ጀርባ ወይም ሥር ይገኛል፤ አደጋ ይድረስበት አይድረስበት የማይታወቅ ወንበር አይወሰድም። ቀኑ ለማሳያው ወንበርም እንደሚሠራ እኔ ልጨምር፤ ለሽያጭ የተቀመጠ ቢሆንም ከተሠራ ዓመታት አልፈውት ሊሆን ይችላል።

በ23ኛው ጠያቂዋ ውጤቱን ይዛ መጣች። መኪናውን ደልዳላ ላይ አቁማ፣ ወንበሩን ወደ ቀኝ፣ ከተሳፋሪው ጀርባ አዛውራ፣ ቀበቶውን እስኪያልቅ ጎትታ አሰረችው፣ ጢክ ጢኩም ተሰምቷል። መስመሩ ተስተካከለ። ማዘንበያውን አንድ ደረጃ ቀና ስታደርገው የፊተኛው መቀመጫ ላይ የተቀመጠው ሰው ጉልበት ዳሽቦርዱን መንካት አቆመ። ከልጁ አናት በላይ ስድስት ሳንቲ ሜትር ተርፏል። የማሳያው ወንበር የትከሻ ማሰሪያ መጨረሻው ዝቅተኛ ቀዳዳ ላይ ሆኖ ትከሻውን ወደ ታች ይጎትት ስለነበር ወደ ሦስተኛው አወጣችው፣ አሁን ከትከሻው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይወጣል። እግሩ አሁንም ታጥፏል፣ ልጁም ጉዳዩ አይደለም። ወንበሩን ልትወስደው ነው፤ ፎቶም ለጥፋለች።

24ኛው መላሽ ፎቶውን አጉልቶ አይቶ፣ በግራ ዳሌው በኩል ማሰሪያው አንድ ዙር እንደተጠማዘዘ ነገራት። የተጠማዘዘ ማሰሪያ ኃይሉን በሰፊው አያሰራጭም፣ በጠርዙ ይቆርጣል፤ ማጥበቂያውም ላይ ይነክሳል። ለማስተካከል ወንበሩን መፍታት አያስፈልግም። የብረት ምላሱ ከመቆለፊያው ይወጣል፣ ማሰሪያው ምላሱ አጠገብ በሰያፍ ታጥፎ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ ያ እጥፋት በምላሱ ቀዳዳ ውስጥ ይገፋል፤ አልፎ ሲወጣ ጠመዝማዛው አብሮ ይፈታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እሷ ሁለተኛ ፎቶ ለጠፈች። ማሰሪያው ከትከሻ እስከ ዳሌ ለጥ ብሎ ተኝቷል፤ ልጁ ደግሞ አንድ እግሩን መደገፊያው ላይ ሰቅሎ የካልሲውን ጫፍ እያኘከ ነው።